ሲበላ ትን የሚለው ቡችላ

አሜሪካ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነኝ። ማታ ማታና ቅዳሜ እሁድ፣ በዘር በሚተላለፍ የጡንቻ መመንመን በሽታ ላይ ጥናት የሚካሄድባቸውን ውሾች እንከባከባለሁ። ዝርያቸው ጎልደን ሪትሪቨር ነው። በሽታቸው ልጆችን የሚያጠቃው ዱሼን የሚባለው ዓይነት ነው፤ ጡንቻን የሚጠብቀው ዲስትሮፊን የተባለ ፕሮቲን ይጎድላቸዋል። ጂኑ ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሚገኝ በብዛት የሚታመሙት ወንዶቹ ናቸው።

ያስጨነቀኝ አንድ የ4 ወር ወንድ ቡችላ ነው። ምላሱ ወፍሯል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ አፉን እንደልቡ አይከፍትም። ሲበላ ትን ይለውና ለረጅም ጊዜ ያስላል። ምግብ ወደ ሳንባው ገብቶ የሳንባ ምች እንዳያመጣበት እፈራለሁ፤ እነዚህን ውሾች ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ እሱ ነውና። ለሐኪሟ ወዲያው ነገርኳት፤ ራጅ ተነሳ፣ ለጊዜው ሳንባው ንጹሕ ነው። ጥናቱ ምግቡን መቀየር አይፈቅድም፤ አቀራረቡን ግን እንድቀይር ፈቅዳልኛለች።

መጀመሪያ ደረቁን ምግብ በውሃ አራስኩት። ቀጠነና ጭራሽ ባሰበት። ቀጥዬ ወፈር አድርጌ፣ እንደ ትንሽ ጭብጦ አድበልብዬ በእጄ አጎረስኩት፤ ሁለት ቀን ደህና ሆነ፣ በሦስተኛው ሳሉ ተመለሰ። ሳህኑን ደረቱ ድረስ ከፍ ማድረጉም ብዙ አልለወጠም። እሱ ግን ድምፄን ሲሰማ አሁንም ጭራውን እየቆላ ይመጣል፣ እያሳለም ጉርሻውን ይጠብቃል።

መዋጥ የሚያስቸግረው ውሻ የመገባችሁ እህት ወንድሞች፣ ምግቡን በምን ያህል ውፍረት ስታቀርቡለት ነው ትን ማለቱ የቀነሰው?