31 ክሬዲት ብቻ ይዤ ሜዲኬር ሊደርስብኝ ነው፤ ምን ይሻለኛል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ሲሆን ዕድሜዬ 61 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) አገር ቤት 14 ዓመት በመንግሥት ትምህርት ቤት አስተምሬ፣ የጡረታ መዋጮም ስከፍል ኖሬ፣ በ2012 መጨረሻ ወደ አሜሪካ መጣሁ። ከ2013 ጀምሮ አምስት ዓመት በመኪና ማቆሚያ ተቀጥሬ ሠራሁ፤ ከ2018 ወዲህ ደግሞ የራሴን ታክሲ እነዳለሁ። ሰሞኑን የሶሻል ሴኩሪቲ (የአሜሪካ መንግሥት የጡረታ መድን) መግለጫዬን አውጥቼ ባየው፣ እስከ 2024 ለሠራሁት 12 ዓመት 48 ክሬዲት፣ ማለትም ለጡረታ የሚቆጠር የሥራ ነጥብ፣ ስጠብቅ 31 ብቻ ተመዝግቦልኛል። ለጡረታም ሆነ ያለ ወርኃዊ ክፍያ ለሚሰጠው የሜዲኬር (65 ዓመት ለሞላቸው የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) የሆስፒታል ሽፋን 40 እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ። ግብሬን ሳላሳውቅ ያለፍኩት አንድም ዓመት የለም። ታዲያ ክሬዲቴ የት ገባ? የኢትዮጵያው አገልግሎትስ ሊደመርልኝ ይችላል? ባለቤቴ በሦስት ዓመት ታንሰኛለች፤ በአረጋውያን መጦሪያ ተቀጥራ ስለምትሠራ የእሷ 40 ከሞላ ቆይቷል።

መልስ፣ ከአንዲት የግብር ሒሳብ ሠራተኛ

ጋሼ፣ ክሬዲትዎ አልጠፋም፤ መጀመሪያውኑ አልተመዘገበም። ክሬዲት የሚቆጠረው በሠሩት ወር ብዛት ሳይሆን የሶሻል ሴኩሪቲ ግብር በተከፈለበት ገቢ ልክ ነው። በ2024 አንድ ክሬዲት የሚሰጠው በ1,730 ዶላር ገቢ ነበር፤ በ2025 ደግሞ በ1,810 ነበር፤ በዓመት ከአራት በላይ አይሰጥም። ተቀጥረው በነበሩባቸው አምስት ዓመታት 20ውን ያገኙት ለዚህ ነው። የግል ሥራ ላይ ግን የሚታየው ከወጪ የተረፈው ትርፍ ብቻ ነው።

በቁጥር ልበለው። በ2024 አንድ ሾፌር 37,300 ዶላር አስገብቶ 50,000 ማይል ነድቶ ቢሆን፣ በማይል 67 ሳንቲም ሲታሰብ 33,500 ዶላር ወጪ ይያዝለታል፤ ትርፉ 3,800 ይሆናል። ከዚያ ላይ 92.35 በመቶው፣ ማለትም 3,509 ዶላሩ፣ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የ15.3 በመቶ ግብር ይቀርባል። ለ1,730 ሲካፈል ሁለት ክሬዲት ነው። በሚያዝያ ወር ግብሩ ስላነሰ ደስ ያሰኘን ወረቀት፣ ዕድሜ ሲገፋ ጡረታችንን የሚያሳንሰው ያው ወረቀት ነው።

መልስ፣ ከአንድ የታክሲ ባልደረባ

እኔም እንደርስዎ ሆኜ ነበር። ዘዴው ቀላል ነው፤ ማይሉን በሙሉ አያስጽፉ፣ ትርፍዎ ከፍ ይላል፣ አራቱንም ክሬዲት ያገኛሉ።

መልስ፣ ከሒሳብ ሠራተኛዋ

ወንድሜ፣ ቅን ምክር ቢሆንም ትክክል አይደለም። በግል ሥራ ግብር ስሌት ውስጥ የሚፈቀደውን ወጪ ለክሬዲት ሲባል መተው አይፈቀድም። ሕጋዊው መንገድ በሼድዩል ኤስ ኢ (የግል ሥራ ግብር ማስሊያ ቅጽ) ላይ ያለው አማራጭ ስሌት ነው፤ ብዙ የእኛ ሰው ግብሩን የሚሠራለት ባለሙያ ስለማያነሳለት ሳይጠቀምበት ይቀራል። ትርፉ ዝቅተኛ የሆነ፣ ከጠቅላላ ገቢው 72.189 በመቶ የማይደርስ፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ውስጥም በሁለቱ ቢያንስ 400 ዶላር የግል ሥራ ትርፍ የነበረው ሰው፣ ገቢው በቂ ከሆነ አራት ክሬዲት የሚያስገኘውን መጠን እንደ ትርፍ አስመዝግቦ ግብሩን ሊከፍል ይችላል። በዕድሜ ልክ የሚፈቀደው አምስት ጊዜ ብቻ ነው። በላይኛው ምሳሌ ሾፌሩ በ6,920 ዶላር ላይ 1,059 ገደማ ይከፍል ነበር፤ በመደበኛው ስሌት ከከፈለው 537 ጋር ሲነጻጸር፣ 520 ዶላር ያህል ጨምሮ ሁለት ክሬዲት ገዛ ማለት ነው።

ያለፈውንም በፎርም 1040ኤክስ ማሻሻል ይቻላል፤ ወለድ ግን ይኖረዋል። ሶሻል ሴኩሪቲ የግል ሥራ ገቢን የሚያርመው ዓመቱ ካበቃ በኋላ እስከ 3 ዓመት ከ3 ወር ከ15 ቀን ድረስ ስለሆነ፣ የ2022 በር የሚዘጋው በሚያዝያ 15 ቀን 2026 ነው። የ2022፣ የ2023 እና የ2024 መዝገብዎ በየዓመቱ ሁለት ሁለት ክሬዲት የሚያሳይ ከሆነና መስፈርቱን ካሟሉ፣ ስድስት ጨምረው 37 ይደርሳሉ፤ ቀሪውን የዘንድሮው ይሞላዋል።

መልስ፣ ከአንድ ጡረተኛ

ወንድሜ፣ ባለቤትህን ችላ አትበል። አንተ 65 ስትሞላ እሷ 62 ትሞላለች፤ የእሷ 40 ክሬዲት ስላለ በእሷ መዝገብ የሆስፒታሉን ሽፋን፣ ክፍል ኤ የሚባለውን፣ ያለ ወርኃዊ ክፍያ ታገኛለህ። ያ ባይሆን ኖሮ በ31 ክሬዲት በ2025 ዋጋ በወር 285 ዶላር፣ ከ30 በታች ቢሆን ደግሞ 518 ዶላር ይጠየቅብህ ነበር። የሐኪሙን ሽፋን፣ ክፍል ቢን፣ ግን ሁሉም ይከፍልበታል፤ በ2025 በወር 185 ዶላር ነበር። ሌላ ሽፋን ሳይኖርህ ምዝገባውን ብታዘገይ በየ12 ወሩ 10 በመቶ ቅጣት ይጨመርብሃል፤ ቅጣቱም አይነሳም። የእኔ ጎረቤት ሁለት ዓመት ዘግይቶ፣ ይኸው ዛሬም ድረስ ከሌሎቻችን 20 በመቶ አብልጦ ይከፍላል።

ጡረታውም ቢሆን የሚሰላው በ35 ዓመት አማካይ ስለሆነና የጎደሉት ዓመታት በዜሮ ስለሚገቡ፣ ያንተ ትንሽ መሆኑ አይቀርም። ባለቤትህ ጡረታ መውሰድ ስትጀምር፣ አንተ 67 ሞልተህ ከሆነ የእሷ ሙሉ ጡረታ እኩሌታ ድረስ ሊሞላልህ ይችላል።

ጥያቄ፣ ከአንድ የ29 ዓመት ወጣት

ይቅርታ፣ መሀል ገባሁ። ከደመወዜ በየሁለት ሳምንቱ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 7.65 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪዬም ያንኑ ያህል ይከፍላል። የሶሻል ሴኩሪቲ ገንዘብ በ2033 ያልቃል ሲሉ እሰማለሁ። ታዲያ እኔ የምከፍለው ለማን ነው?

መልስ፣ ከጡረተኛው

ለእኔ ነው፤ ደብቄ አላወራም። ሶሻል ሴኩሪቲ ዕድር እንጂ ዕቁብ አይደለም፤ ያንተ መዋጮ ተቀምጦ አይጠብቅህም፣ ዛሬ ለጡረተኛ ይከፈላል። የሜዲኬር ክፍል ቢማ ከኛ ክፍያ የሚሸፈነው ሩቡ ያህል ነው፤ ሦስት አራተኛው ከጠቅላላው ግብር ይመጣል። ችግሩ የዕድርተኛው ቁጥር ነው። በ1960 ለአንድ ተቀባይ 5.1 ከፋይ ነበር፤ አሁን 2.7 ያህል ነው፤ ከ1946 እስከ 1964 የተወለደው ትልቁ ትውልድ ጡረታ እየወጣ፣ የሚወለደው ሕፃን እየቀነሰ ነውና። «ያልቃል» የተባለው ግን መጠባበቂያው ነው። የፈንዱ ባለአደራዎች የ2025 ሪፖርት እንደሚለው፣ ኮንግረስ ምንም ባያደርግ በ2033 የሚገባው ግብር የጡረታውን 77 በመቶ ይሸፍናል። 23 በመቶ መጉደሉ ቀላል አይደለም፤ ባዶ ካዝና ግን አይደለም።

መልስ፣ ከሌላ አባል፦ ስለ አገር ቤቱ አገልግሎት

የኢትዮጵያው 14 ዓመት አይደመርም፤ አሜሪካ ከጀርመንና ከጣሊያን ጋር ያላት ዓይነት የአገልግሎት ዘመን ማጣመሪያ ስምምነት ከኢትዮጵያ ጋር የላትም። ሆኖም አንድ መልካም ዜና አለ። ቀደም ሲል ከውጭ አገር ጡረታ የሚቀበል ሰው የአሜሪካው ጡረታ የሚቀነስበት ደንብ ነበር፤ ይህ በጥር 5 ቀን 2025 በተፈረመ ሕግ ተሽሯል። ስለዚህ ከአገር ቤት የሚደርስዎት ጡረታ ቢኖር በዚያ ሰበብ አይቀነስብዎትም። አዲስ አበባ ገብቶ ለመኖር ካሰቡ ደግሞ፣ ሜዲኬር እዚያ ለሚደረግ ሕክምና እንደማይከፍል ከአሁኑ ያስቡበት።

ከጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ የሦስቱን ዓመት ወረቀት አውጥቼ አየሁት፤ 2022 ሁለት፣ 2023 አንድ፣ 2024 ሁለት ክሬዲት ይላል። ሦስቱም ቢስተካከሉ 38 ይሆናል ማለት ነው። ግብሬን የሚሠራልኝን ሰው ደውዬ ስለ አማራጭ ስሌቱ ብጠይቀው «እሱን ሠርቼው አላውቅም» አለኝ፤ ስለዚህ ሌላ ሰው ይዣለሁ፣ ሰኞ እንገናኛለን። ባለቤቴ ደግሞ ይህን ካነበበች ጀምሮ «እኩሌታዬን» እያለች ትስቅብኛለች።