ወንድሜ የስኪዞፍሬኒያ መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ በጣም ወፈረ፤ አሁን ደግሞ ደረቱን ይጫነዋል። መድኃኒቱን ላቁመው?

ጥያቄ፦ እህት ከአዳማ

ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ 44 ዓመቱ ነው። ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም እንዳለበት ካወቅን ቆየን። መጀመሪያ ሃሎፔሪዶል ነበር የሚወስደው። ሰውነቱ እየተገታተረ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ሲያስቸግረው ወደ ኦላንዛፒን ቀየሩለት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድምፅ መስማቱ ቀረለት። ይተኛል፣ ከእኛ ጋር ቡና ይጠጣል፣ ሱቅ ተልኮ መልሱን ቆጥሮ ያመጣል።

ችግሩ ክብደቱ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ63 ኪሎ 85 ገባ። አይጠግብም። ሌሊት ተነስቶ ሌማት ይከፍታል። ሻይ በአራት ማንኪያ ስኳር ነው፣ ለስላሳ በየቀኑ ነው። ሲጋራም ያጨሳል። ሰሞኑን ደግሞ ደረጃ ሲወጣ «ደረቴን ጫን ይለኛል» ይላል፤ ቆም ሲል ይለቀዋል። ክሊኒክ ወሰድኩት። የሚወስደውን መድኃኒት ሲያዩ ደረቱን እንኳ ሳያዳምጡ «ጭንቀት ነው፣ ከአእምሮ ሕመሙ ጋር የተያያዘ ነው» ብለው መለሱን። እናቴ መድኃኒቱ ይቅርና ጠበል እንውሰደው እያለች ነው። ልቡን እየጎዳው ያለው መድኃኒቱ ነው? ላቁመው?

መልስ፦ የሥነ አእምሮ ነርስ

እህቴ፣ መጀመሪያ ደረቱ። ሲንቀሳቀስ የሚጫን፣ ሲያርፍ የሚለቅ የደረት ሕመም የልብ ደም ስር መጥበብ ምልክት ሊሆን ይችላል። ቀጠሮ እስኪደርስ አትጠብቂ፤ ነገውኑ የልብ ምርመራ፣ ኢሲጂ ያለበት ሆስፒታል ውሰጂው። ቁጭ ባለበት ከጀመረው፣ ከ10 ወይም 15 ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቀው ወይም ወደ ክንዱና መንጋጋው ከሄደ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

እዚያ ስትገቢ ወሬውን ከደረቱ ጀምሪ። «ደረጃ ሲወጣ ይጫነዋል፣ ሲያርፍ ይለቀዋል፣ ሲጋራ ያጨሳል፣ በዓመት 22 ኪሎ ጨምሯል» በይ። የሚወስደውን መድኃኒት ቀጥለሽ ንገሪያቸው፤ መደበቅ የለብሽም። እናንተ ላይ የደረሰው በየቦታው ያለ ነገር ነው። የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው «አመመኝ» ሲል ሕመሙ ሁሉ ከጭንቅላቱ እንደመጣ ይቆጠራል። እኔን በሥራዬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የአእምሮ ክፍሉ «ስኳርና ግፊት የውስጥ ደዌ ነው» ይላል፣ የውስጥ ደዌው «ወደ አእምሮ ክፍል ሂዱ» ይላል፣ ሰውየው መሃል ላይ ይቀራል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ከ10 እስከ 20 ዓመት ቀድመው ይሞታሉ። ብዙ ሰው ራስን ማጥፋት ይመስለዋል። አብዛኛው ግን በአካል በሽታ ነው፣ የልብና የደም ስር በሽታም ከፊት ከሚመጡት አንዱ ነው። መድኃኒቱ አንድ ምክንያት ነው። ሲጋራ፣ ቤት መዋል፣ ድህነት እና ሳይመረመሩ መቅረት ሌሎቹ ናቸው።

ስለዚህ በየቀጠሮው እንዲለኩለት ጠይቂ፤ ዝም ካልሽ ላይለኩት ይችላሉ። ክብደቱና ወገቡ፣ የደም ግፊቱ፣ በባዶ ሆድ የደም ስኳሩ፣ ኮሌስትሮሉ። እንዲህ ዓይነት መድኃኒት ሲጀመር፣ ከ3 ወር በኋላ፣ ከዚያ ቢያንስ በየዓመቱ ነው የሚሠራው፤ ክብደቱ ግን መጀመሪያ ላይ በየወሩ። በባዶ ሆድ ስኳሩ ከ100 እስከ 125 ከሆነ ወደ ስኳር በሽታ እየተጠጋ ነው፣ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ሲደገምም ያው ከሆነ ስኳር በሽታ ነው። ግፊቱ በተደጋጋሚ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሕክምና ያስፈልገዋል። ደብተር ያዢና ቁጥሩን ከነቀኑ ጻፊው። ሐኪም ቢቀያየርም ደብተሩ ይናገራል።

መልስ፦ ፋርማሲስት

በፍጹም በድንገት አታቁሙት። ሕመሙ ሊመለስ ይችላል፣ ሲመለስ ደግሞ ከበፊቱ ሊብስ ይችላል። ፊንላንድ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የተከታተለና በፈረንጆቹ 2009 የወጣ ትልቅ ጥናት አለ። መድኃኒት ጭራሽ ካልወሰዱት ይልቅ ለረጅም ጊዜ የወሰዱት የመሞት ዕድላቸው ያነሰ ሆኖ ነው የተገኘው።

ኦላንዛፒን እና ክሎዛፒን ክብደትና ስኳር በመጨመር ዋነኞቹ ናቸው። ሪስፔሪዶን መካከለኛ ነው። አሪፒፕራዞል እና ሃሎፔሪዶል ያነሰ ይጨምራሉ፤ ሃሎፔሪዶል ግን እንዳልሽው ያገታትራል፣ በአንዳንድ ሰው ላይም የልብ ምት ሥርዓት ያዛባል። ሐኪሙን ሁለት ነገር ጠይቂው፦ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ መቀየር ይቻላል ወይ? ካልሆነ ሜትፎርሚን ይጨመርለት ወይ? ሜትፎርሚን የስኳር መድኃኒት ነው፣ ግን በእነዚህ መድኃኒቶች ለወፈረ ሰውም ይታዘዛል።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር። የሲጋራ ጭስ ኦላንዛፒን ከሰውነት ቶሎ እንዲወጣ ያደርጋል። ስለዚህ ሲጋራውን ሲያቆም (ማቆምም አለበት) በደሙ ውስጥ ያለው መድኃኒት ይጨምራል፣ በጣም ሊያደነዝዘው ይችላል። ከማቆሙ በፊት ሐኪሙ ይወቅ፤ መጠኑን ሊቀንስለት ይችላል። ጫት የሚቅም ከሆነም ንገሪያቸው። ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል፣ ሕመሙንም ይቀሰቅሳል።

መልስ፦ እኔም ታማሚ ነኝ

እህት፣ እባክሽ ቤት ውስጥ «ሆዳም» የሚል ሰው ካለ አስቁሚልኝ። ያ ረሃብ የሆዳምነት አይደለም። በልተሽ ተነስተሽ እጅሽን ሳትታጠቢ እንደገና ይርብሻል። እኔ ላይ ምግብ ሲቆለፍብኝ ተደብቄ ነበር የምበላው። የጠቀመኝ ለስላሳ ከቤት መጥፋቱ ነው፣ ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለሁላችንም። ሌማቱ አጠገብ ጎመንና ሽምብራ ንፍሮ ይቀመጥልኛል። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ጠዋት ጠዋት አብሮኝ በእግሩ ይወጣል። «ሂድ ተንቀሳቀስ» ማለት ሌላ ነው፣ አብሮ መውጣት ሌላ። የአንቺ ወንድም ግን ደረቱ ሳይታይ እንዳትጀምሩ።

መልስ፦ የልጅ እናት

ልጄ፣ እናትሽን አትጣያት። እኔም ልጄን ጠበል አመላልሻለሁ፣ አሁንም እወስደዋለሁ። ክኒኑ ግን በቦርሳዬ ነው። አቡነ ጳውሎስ ነፍሳቸውን ይማርና የኤችአይቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር ይወሰድ ብለው ምእመናኑን መክረዋል። ይሄም እንደዚያው ነው። ንስሐ አባታችሁን ጥሪና እሳቸው ይንገሯት፤ ከአንቺ ይልቅ እሳቸውን ትሰማለች።

መልስ፦ የጤና መኮንን፣ ገጠር

ከላይ ባለው ላይ ትንሽ ልጨምር። ቡታጅራ አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለ10 ዓመት የተከታተለ ጥናት ነበር። እዚያ የሞቱት ሰዎች ዕድሜያቸው ወደ 30 ዓመት ገደማ አጥሮ ነው የተገኘው፣ ዋናው ምክንያት ደግሞ ተላላፊ በሽታ ነበር። ስለዚህ ሳልና ትኩሳትም «ከሕመሙ ነው» ተብሎ እንዳይታለፍ።

ጠያቂዋ መልሳ፦ እህት ከአዳማ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሆስፒታል ሄድን። ነርሷ እንዳለችኝ ከደረቱ ጀምሬ ተናገርኩ፣ ወዲያው ኢሲጂ አነሱት። ድንገተኛ ነገር የለም ተባለ፣ ግን ለተጨማሪ ምርመራ ወደ ልብ ሐኪም ጻፉልን። ግፊቱ 150/95፣ በባዶ ሆድ ስኳሩ 119፣ ኮሌስትሮሉም ከፍ ብሏል። የግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒት ጀመረ። የአእምሮ ሐኪሙም ኦላንዛፒኑ ባለበት ይቆይ ብሎ የኩላሊት ምርመራ አሠርቶ ሜትፎርሚን ጨመረለት፣ ጠዋትና ማታ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ጾም እየመጣ ነው፣ እሱ ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ሳይጾም አይሆንለትም። ሜትፎርሚኑን እንዴት ያድርግ?

መልስ፦ ፋርማሲስት

ሜትፎርሚን ከምግብ ጋር ነው። በባዶ ሆድ ከተወሰደ ሆድ ያውካል፣ ያስቀምጣል። የጠዋቱን ወደ 9 ሰዓት ምግብ ማዞር ይቻል እንደሆነ ከጾሙ በፊት ሐኪሙን ጠይቂው፤ የማታው ከእራት ጋር ይሆናል። ብቻውን ሲወሰድ ስኳር በጣም አያወርድም፣ በዚያ አትስጊ። ኦላንዛፒኑን ማታ የሚወስደው ከሆነ ጾሙ አይነካውም። የግፊቱን ክኒን ጠዋት በውኃ መውሰዱ ከከበደው እሱንም ሰዓት እንዲቀይርለት ሐኪሙን አማክሪ፤ ዝም ብሎ እንዳይዘለው ብቻ። ጾሙን ሲፈታም በለስላሳ አይሁን።