ስለ ሊሊያን ኢቫንቲ የሚያውቅ አለ? ለልጄ የታሪክ ሥራ ነው

እናት ከዲሲ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ስምንተኛ ክፍል ናት። የታሪክ መምህሯ አንድ የተረሳ አርቲስት መርጠው ሕይወቱንና ሥራውን በዘመኑ ሰነዶች እንዲያሳዩ አዟቸዋል። እሷ የመረጠችው የኦፔራ ዘፋኟን ሊሊያን ኢቫንቲን ነው። የምንኖረው ዩ ስትሪት አካባቢ ነው። የዘፋኟ ቤት ከኛ በእግር የሚደረስ መሆኑን ካወቀች ወዲህ ሌላ ሰው አልፈልግም ብላለች።

እስካሁን የያዝነው ትንሽ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በ1890 እዚሁ ዋሽንግተን ተወለደች። በ1917 ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሙዚቃ ተመረቀች። በ1925 ፈረንሳይ ውስጥ ኒስ ከተማ «ላክሜ» በሚባል ኦፔራ ዘፈነች። በ1967 አረፈች። ኢንተርኔት ላይ የምናገኘው ሁሉ ይህንኑ እየደጋገመ ነው።

ሦስት ነገር ቸግሮናል። ኦርጅናል ደብዳቤ፣ ፎቶ፣ የጋዜጣ ቁራጭ ከየት ይገኛል? ሁለተኛ፣ እኔ ስለ ኦፔራ ምንም እውቀት የለኝም። ልጄ «ኮሎራቱራ ሶፕራኖ ምን ማለት ነው?» ስትለኝ ዝም እላለሁ። ሦስተኛ፣ ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኛት ነገር ካለ ልጄ ማስገባት ትፈልጋለች። በእውነት ካለ ማለቴ ነው፤ በግድ መጎተት አልፈልግም። የምታውቁ ተባበሩኝ።

መጽሐፍ ቤት

እህቴ፣ ልጅሽ ጎበዝ ናት። እኔ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለምሠራ በመጀመሪያው ጥያቄሽ ልርዳሽ።

ዋናው ነገር ያለው አናኮስቲያ ኮሚዩኒቲ ሙዚየም ነው። የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ነው፤ ያለው ደቡብ ምሥራቅ ዲሲ ነው። የቤተሰቡ ሰነድ «የኢቫንስ ቲብስ ስብስብ» ተብሎ እዚያ ተቀምጧል። ኢቫንስ የአባቷ ስም ነው። ቲብስ ደግሞ የባሏ የሮይ ቲብስ ስም ነው፤ ሃዋርድ የሙዚቃ መምህር ነበር። የመድረክ ስሟን ያወጣችው ሁለቱን አጋጥማ ነው። በስብስቡ ውስጥ ፎቶዎች፣ ደብዳቤዎች፣ የኮንሰርት ፕሮግራሞችና የጋዜጣ ቁራጮች አሉ። ብዙው በስሚዝሶኒያን ድረ ገጽ ላይ ስለተጫነ ቤት ቁጭ ብላችሁ ማየት ትችላላችሁ። ያልተጫነውን ወረቀት ማየት ከፈለጋችሁ ግን ዝም ብላችሁ አትሂዱ። ኢሜይል ጻፉና ቀጠሮ ያዙ። ለምን እንደሆነና ልጅቷ ስንተኛ ክፍል እንደሆነች ግለጹላቸው።

ሁለተኛው ጂ ስትሪት ላይ ያለው የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤተ መጻሕፍት ነው። እዚያ «ፒፕልስ አርካይቭ» የሚባል የዲሲ ታሪክ ክፍል አለ። የዲሲ ላይብረሪ ካርድ ካላችሁ ደግሞ የድሮ ጋዜጦች መፈለጊያዎችን በነፃ ትጠቀማላችሁ። በትልልቆቹ ጋዜጦች ብቻ አትወሰኑ። ስለ ጥቁር አርቲስቶች በዝርዝር ይጽፉ የነበሩት የጥቁሮቹ ጋዜጦች ናቸው፤ የባልቲሞሩ አፍሮ አሜሪካን፣ የፒትስበርግ ኩሪየርና ቺካጎ ዲፌንደር። ስትፈልጉ «ኢቫንቲ» ብቻ ሳይሆን «ሊሊያን ኢቫንስ ቲብስ» ብላችሁም ሞክሩ። ከ1925 በፊት ያለው ነገር በዚያ ስም ወይም ከጋብቻዋ በፊት በነበረው «ሊሊያን ኢቫንስ» ነው የሚገኘው።

ቤቱ ቬርሞንት አቬኑ 1910 ነው። በብሔራዊ የታሪክ ቦታዎች መዝገብ ላይ ያለ ቤት ነው። የልጅ ልጇ የጥቁር አሜሪካውያንን ሥዕል ይሰበስብ ስለነበር እዚያው ቤት ውስጥ ጋለሪ ከፍቶ ነበር። አሁን ግን ከውጭ ፎቶ አንስታችሁ ብትመለሱ ይበቃል፤ የሰው መኖሪያ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ልጄ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝና አንድ ምክር ልስጥሽ። ለምን ማሪያን አንደርሰንን አትሠራም? እሷ እኮ በ1939 ሊንከን መታሰቢያ ደረጃ ላይ ቆማ 75 ሺህ ሰው ፊት የዘፈነች ናት። በ1955 ኒው ዮርክ ባለው ትልቁ የኦፔራ ቤት፣ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ፣ የዘፈነች የመጀመሪያዋ ጥቁርም እሷ ናት። ፊልሙም ድምፁም ሞልቷል። ልጅቷ አትቸገርም።

የፒያኖ መምህር

ጋሼ፣ በአክብሮት ነው የምቃወምዎት። ሥራው ስለ ተረሳ አርቲስት ነው። ማሪያን አንደርሰንን ማን ረሳ? ይልቅ እሷን ማነጻጸሪያ አድርጋ ብታስገባት ጥሩ ነው። ኢቫንቲ ሜትሮፖሊታን ሄዳ ድምጿን ያስሰማችው በ1932 ነበር። አልቀጠሯትም። አንደርሰን ያን መድረክ ስትረግጥ ከዚያ በኋላ 23 ዓመት አልፎ ነበር። ኢቫንቲም ያኔ በሕይወት ነበረች፤ 64 ዓመቷ ነው። ልጅቷ እነዚህን ሁለት ዓመተ ምሕረቶች ጎን ለጎን ብትለጥፍ ለምን እንደተረሳች ያየ ሁሉ ይገባዋል።

አሁን ወደ ኮሎራቱራ። ሶፕራኖ ከሴት ድምፆች ቀጭኑና ከፍተኛው ነው። ኮሎራቱራ የሚባለው ደግሞ በዚያ ከፍታ ላይ በፍጥነት የሚሯሯጥ ድምፅ ነው። አንዷን ፊደል ይዞ በብዙ ኖታ ላይ መውጣት፣ መውረድ፣ መንቀጥቀጥ። ልጅሽ «ላክሜ» ውስጥ ያለውን የደወሉን ዘፈን በማንኛዋም ዘፋኝ ዩቲዩብ ላይ ትስማው። መጀመሪያ ላይ ያለ ምንም አጃቢ ድምፅ ብቻውን ይወጣል። ከዚያ ደወሉን ያስመስላል። ስህተትን የሚደብቅ ኦርኬስትራ የለም። አንዲት ከዋሽንግተን የመጣች ጥቁር ሴት በ1925 በፈረንሳይኛ፣ በፈረንሳዮች ፊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜዋ ይህን ኦፔራ ይዛ ቀረበች ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ይገባታል። እኔ ተማሪዎቼን ይህን ዘፈን ሳሰማቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ከአውሮፓ የኦፔራ ኩባንያ ጋር የዘፈነች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ተብላ የምትጠቀሰውም በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ልጅሽ ከደወሉ ዘፈን ቀጥላ ትጻፈው። ለብቻው ሲሆን ደረቅ ነው።

ነዋሪነቴ ፓሪስ

ለፈረንሳዩ ክፍል እኔ ልጨምር። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት «ጋሊካ» የሚባል ድረ ገጽ አለው። የዘመኑ ጋዜጦች በነፃ ይነበባሉ። ስሟን በላቲን ፊደል አስገቡና ዓመቱን ከ1925 እስከ 1930 ወስኑት። ቋንቋው አያስፈራችሁ። የኦፔራ ማስታወቂያ አጭር ነው፤ የቲያትሩ ስም፣ የኦፔራው ስም፣ የዘፋኞቹ ስም። አንዲት የማስታወቂያ ቁራጭ አግኝታ ብታትም መምህሯ የሚፈልገው የዘመኑ ሰነድ ያ ነው። የማይገባችሁ ካለ እዚህ ለጥፉት፣ እተረጉምላችኋለሁ።

አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ

ሦስተኛውን ጥያቄሽን ወደድኩት፤ በግድ አልጎትትም በማለትሽ። ኢቫንቲን በቀጥታ ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኝ ታሪክ እኔ ጋ የለም። በአንድ ሰው በኩል የሚያልፍ ግን አለ።

ዋሽንግተን ያለው ብሔራዊ የቁም ሥዕል ጋለሪ ውስጥ የኢቫንቲ ትልቅ ሥዕል አለ። የተሳለው በ1940 ነው። «የሴቪላው ፀጉር አስተካካይ» በሚለው ኦፔራ ውስጥ ሮዚናን ሆና፣ በመድረክ ልብሷ ነው የምትታየው። ሠዓሊዋ ሎይስ ማይሉ ጆንስ ናት። ይህች ሴት ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ከ1930 እስከ 1977 አስተምራለች። የኛው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎስያን ደግሞ ሃዋርድ ማስተማር የጀመረው በ1972 ነው። ስለዚህ ኢቫንቲን የሣለች እጅና የእስክንድር እጅ በአንድ የሥነ ጥበብ ክፍል ውስጥ አብረው ሠርተዋል። ይህ እውነት ነው፤ ማንም አይከራከርሽም። ለአንዲት ኢትዮጵያዊት ልጅ በቂ ድልድይ ይመስለኛል።

መጽሐፍ ቤት

ድንቅ ነው! ጋለሪው ከማርቲን ሉተር ኪንግ ቤተ መጻሕፍት አጠገብ ነው፤ መግቢያውም ነፃ ነው። ሁለቱን በአንድ ቅዳሜ መጨረስ ትችላላችሁ። ሥዕሎች እየተፈራረቁ ስለሚሰቀሉ ግን ከመሄዳችሁ በፊት ድረ ገጹ ላይ «ለዕይታ ቀርቧል» ማለቱን አረጋግጡ።

ዘሀገረ አይዳ

የኢትዮጵያ ነገር ከተነሳ ካተሪና ጃርቦሮ እንዳትረሳ። እሷም ከኢቫንቲ ባልተናነሰ ተረስታለች። ከሰሜን ካሮላይና ዊልሚንግተን የወጣች ሶፕራኖ ናት። በ1930 ሚላን ውስጥ፣ ከዚያም በሐምሌ 1933 ኒው ዮርክ ሂፖድሮም ላይ አይዳን ሆና ዘፈነች። አይዳ በቬርዲ ኦፔራ ውስጥ ግብፅ ተማርካ የተወሰደች የኢትዮጵያ ልዕልት ናት። ኦፔራው ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ካይሮ፣ በ1871 መጨረሻ ነው። ያሠራው የግብፁ ገዥ ከዲቭ ኢስማኤል ነው። ይኸው ሰው ጥቂት ዓመት ቆይቶ እውነተኛ ጦር ላከብን፤ ጉንደትና ጉራ ላይ በአፄ ዮሐንስ ተመታ። እንግዲህ ያችን ልዕልት አሜሪካ ውስጥ ለብዙ ዓመት ነጮች ፊታቸውን ጥቁር ቀለም እየተቀቡ ሲጫወቷት ኖረው፣ በ1933 አንዲት ጥቁር ሴት በራሷ ፊት ተጫወተቻት። እኔ ብሆን ሥራውን በሷ ላይ ነበር የማደርገው።

የፒያኖ መምህር

የጃርቦሮ ታሪክ ልብ ይነካል፤ ግን ልጅቷ ምርጫዋን መርጣለች። ሁለት ሰው በአንድ ሰሌዳ ላይ ከተደረገ ሁለቱም ይጠብባቸዋል። ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይላት።

እናት ከዲሲ

ምን ብዬ ላመስግናችሁ! ልጄ የደወሉን ዘፈን ሰምታ ደጋግማ ከፈተችው። የአናኮስቲያውን ድረ ገጽም አይተናል፤ ፎቶዎቹ ውስጥ የመድረክ ልብሷን ዓይነት በዓይነት እያየች ተደንቃለች። ጋሼም አይቀየሙን፤ ማሪያን አንደርሰን በማነጻጸሪያነት ትገባለች።

አንድ ነገር ቀረኝ። ልጄ ሰሌዳውን ስታዘጋጅ ግማሹን «አልተቀበሏትም» በሚለው ሞላችው። ሜትሮፖሊታን እምቢ አለ፣ ይህ በር ተዘጋ፣ ያ በር ተዘጋ። ልክ ነው? ወይስ ሚዛን ይጎድለዋል?

የፒያኖ መምህር

ይጎድለዋል። በሩ መዘጋቱ መነገር አለበት፤ ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ሰሌዳውን የሚሞላው ግን የሠራችው ሥራ ይሁን። በ1934 ዋይት ሐውስ ዘፍናለች። የደቡብ አሜሪካ ጉብኝት አድርጋለች። ሙዚቃም ደርሳለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ የ1943ቱ «ላ ትራቪያታ» የተባለው ኦፔራ አለ። ሜሪ ካርድዌል ዶውሰን የምትባል ሴት በ1941 ፒትስበርግ ላይ ብሔራዊ የኔግሮ ኦፔራ ኩባንያን አቋቋመች። ትልልቆቹ ቤቶች ካላስገቡን የራሳችንን እንሥራ ነው ነገሩ። ያ ኩባንያ በነሐሴ 1943 ዋሽንግተን መጣና ፖቶማክ ወንዝ ላይ በተንሳፈፈ መድረክ ትራቪያታን አቀረበ። ቦታው ከሊንከን መታሰቢያ ጀርባ ነው፤ ሕዝቡ የሚቀመጠው ወደ ወንዙ በሚወርደው ደረጃ ላይ ነበር። ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ቫዮሌታን ሆና የዘፈነችው ኢቫንቲ ናት። በተወለደችበት ከተማ፣ ዕድሜዋ ሃምሳን አልፎ፣ በሺዎች ፊት።

እኔ ብሆን የሰሌዳውን መሐል ለዚህ እሰጠዋለሁ። 1925ን በግራ፣ 1932ን በትንሹ፣ 1943ን በትልቁ። ደረጃው ዛሬም አለ። ልጅሽን ውሰጂና እዚያ ቁማ ወንዙን ፎቶ ታንሳ። ከስብስቡ ውስጥ የዚያን ምሽት ፕሮግራም ወይም ፎቶ ካገኛችሁ ጎን ለጎን ይለጠፍ።

መጽሐፍ ቤት

እስማማለሁ። ስለ 1943ቱ ለመፈለግ ጋዜጦቹን ከነሐሴ መጀመሪያ እስከ መስከረም አጋማሽ ወስኚያቸው። ቅድመ ማስታወቂያውም ግምገማውም በዚያ ውስጥ ይወድቃል። «ዋተርጌት» የሚለውን ቃል ከስሟ ጋር ጨምሩ፤ መድረኩ የሚጠራው እንዲያ ነበር። ሌላው፣ አባቷ ዊልሰን ብሩስ ኢቫንስ በ1902 የተከፈተው የአርምስትሮንግ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ርዕሰ መምህር ነበሩ። ለቤተሰብ ክፍሉ ይሆናችኋል። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ከየትኛው ስብስብ እንደተገኘ መጻፍ ግዴታ ነው፤ መምህራን መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።

እናት ከዲሲ

እሺ፣ እንዲሁ እናደርጋለን። ለሙዚየሙ ኢሜይሉን ዛሬ ማታ ራሷ ትጻፈው ብያታለሁ። የፓሪሷ እህቴ፣ ከጋሊካ አንድ ገጽ አግኝተናል፤ ስሟን አየነው፣ ቀሪውን ግን አላነበብነውም። ነገ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።

ነዋሪነቴ ፓሪስ

ለጥፊው እህቴ። የጋዜጣውን ስምና ቀኑን አብረሽ ጻፊልኝ፤ ገጹን ሙሉውን ፎቶ አንሺ እንጂ ቁራጩን ብቻ አትላኪ።