ክርክር፦ «ተማሪ ምን ያውቃል?»

ጥላዬ፦
ትናንት ማታ እዚህ አሜሪካ፣ የዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሐበሻ ልጆች የድምፅ ውይይት ላይ ነበርኩ። ወሬው ኮሌጆች የፋይናንሻል ኤይድ ገንዘብ፣ ማለትም ለተማሪ የሚሰጠውን የመንግሥት ብድርና እርዳታ፣ እንዴት እንደሚይዙ ነበር። ኮሌጅ ውስጥ እሠራለሁ ያለ አንድ ሰው፣ የፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት ለፕሮግራም ሪቪው፣ ኮሌጁ ያን ገንዘብ እንዴት እንደያዘ ለመመርመር፣ ሲመጣ ተማሪ ጠርቶ ማነጋገሩ ጊዜ ማባከን ነው አለ። «ተማሪ ምን ያውቃል? ፋይሉን አይተው ይሂዱ» ነው ያለው። አንድም ሰው አልመለሰለትም። እኔ ግን ተናድጄ ነው ያደርኩት። ሎኑ፣ ብድሩ ማለቴ ነው፣ በእኔ ስም ነው። ዕዳውን የምከፍለው እኔ ነኝ። ስለ ገንዘቡ ሲጠየቅ የማላውቀው ሰውም እኔ ሆንኩ?

የኤይድ ቢሮ ሰው፦
ያልኩት እኔ ነኝ። አሁንም እለዋለሁ። ግን ሙሉውን አላመጣኸውም። ቢሮዬ የሚመጣው ልጅ ግራንት፣ የማይመለስ እርዳታ፣ ነው የወሰድኩት ብሎ ይምላል፤ ፋይሉን ስከፍተው ሎን ነው፣ ፊርማው አለበት፣ የብድር ትምህርቱንም ኦንላይን ጨርሷል ይላል። ይህን ልጅ ጠያቂ ቢያገኘውና «ሎን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም» ቢል ወረቀት ላይ ይሰፍራል። ከዚያ ያን ለማስተባበል ደብዳቤ ስጽፍ የምከርመው እኔ ነኝ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስንት ተማሪ ማስተናገድ እችል ነበር።

ነርሷ፦
ወንድሜ፣ ያልከው እኮ የእኛን ክርክር ነው የሚያግዘው። ልጁ ግራንት መስሎት ሎን ከፈረመ፣ ማን እንዴት አድርጎ ነው ያስፈረመው? ፋይሉ ፊርማ ያሳይሃል። ፊርማው እንዴት እንደመጣ አያሳይህም። እኔ በዲቪ በመጣሁ ሰሞን የተመዘገብኩበት ትምህርት ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ ዛሬ ተዘግቷል፣ መዝጋቢው በራሱ ኮምፒውተር ሁሉንም ሞላና «እዚህ ጋ ተጫኝ» አለኝ። ተጫንኩ። ፋይሌን የከፈተ ሰው ምንም ጉድለት አያገኝበትም፤ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። ያን ጊዜ አንድ ሰው ለብቻዬ አስቀምጦ «ይህን ማን ሞላው?» ቢለኝ ኖሮ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቅ ነበር።

ባለ ሰነድ፦
እህታችን ያለችው አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ጂ ኤ ኦ፣ የኮንግረሱ ኦዲት መሥሪያ ቤት፣ ሰዎቹን ተማሪ አስመስሎ 15 ለትርፍ የሚሠሩ ኮሌጆች ልኮ ነበር። አራቱ ኮሌጆች የኤይድ ማመልከቻ ቅጹ፣ ፋፍሳው፣ ላይ ውሸት እንዲሞላ ገፋፉ። አንዱ ጋ «ባንክ ያለህን 250,000 ዶላር አትጻፍ» ነው የተባለው። አሳሳች ነገር ደግሞ 15ቱም ተናግረዋል። ይህ የየትኛው ተማሪ ፋይል ውስጥ ይገኛል?

የኤይድ ቢሮ ሰው፦
ሪፖርቱ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ታርሞ እንደገና እንደወጣ ለምን ዘለልከው? ደግሞም እነዚያ ተማሪዎች አልነበሩም፤ የሠለጠኑ መርማሪዎች ናቸው። መርማሪ ይላክ፣ እኔ ራሴ እደግፋለሁ። እኔ የምቃወመው ከክላስ የወጣን ልጅ ኮሪደር ላይ አስቁሞ ስለ ሕግ መጠየቅን ነው።

ባለ ሰነድ፦
የታረመው የዝርዝሩ አነጋገር ነው። ዋናው ግኝት አልተነካም። ስለ ሕግ የሚጠይቅስ ማን አለ? የሚጠየቀው የደረሰበትን ነው። ተማሪው ግራንትና ሎን አይለይም ብለህ ስትከስ ደግሞ ይህንን አስብ፦ ያው ጂ ኤ ኦ በ2022 ኮሌጆች የሚልኩትን የኤይድ ደብዳቤ መርምሮ፣ በግምት 91 በመቶዎቹ ኮሌጆች ተማሪው ከኪሱ የሚያወጣውን የተጣራ ወጪ ወይ አይጽፉትም ወይ አሳንሰው ይጽፉታል ብሏል። ልጁ ቢደናገር ምን ይገርማል!

ጥላዬ፦
«ምን ያውቃል» ላልከው ልመልስ። ሪፈንዱ መቼ እጁ እንደገባ ያውቃል። ከትምህርት ክፍያው የተረፈው የኤይድ ገንዘብ በ14 ቀን ውስጥ ለተማሪው መከፈል አለበት ይላል ሕጉ። እኔ መጽሐፍ ሳልገዛ ሚድተርም ደርሻለሁ። ቢሮው ስሄድ «ሲስተሙ ተከፍሏል ይላል» ይሉኛል። ሲስተሙን ጠይቀው፣ ተከፍሏል ይልሃል። እኔን ጠይቀኝ፣ የጓደኛዬን መጽሐፍ ፎቶ እያነሳሁ እንዳጠናሁ እነግርሃለሁ።

የኤይድ ቢሮ ሰው፦
ሕጉ የሚቆጥረው ቼኩ በፖስታ የተላከበትን ወይም ወደ ባንክ የታዘዘበትን ቀን ነው፤ እጅህ የገባበትን አይደለም። አድራሻህን ቀይረህ ሳትናገር ቀርተህ ይሆናል። ባንክህ አዘግይቶትም ይሆናል። ኮሌጁ ግን በሰዓቱ ልኳል። አንተ የምታውቀው የደረሰህን ቀን ብቻ ነው። ይህን ነው የምልህ!

ጥላዬ፦
ታዲያ ላልደረሰኝ ገንዘብ ማን ይመስክር? ፖስታ ቤቱ?

ነርሷ፦
ደግሞ «አድራሻህን ቀይረህ ይሆናል» ማለት ምን ማለት ነው? ገና ሳትሰማው ጥፋቱን ወደ እሱ አዞርከው። ስታስተናግደንም እንደዚህ ነው?

የኤይድ ቢሮ ሰው፦
እኔ የሐበሻ ልጅ ሲመጣ ምሳዬን ትቼ ነው የማስተናግደው። ትርጉሙን እሠራለሁ፣ የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት የት እንደሚያስገመግሙ እነግራለሁ። ይህን ሥራዬን የማያውቅ ሰው እንዲህ ባይለኝ ደስ ይለኛል።

የልጆች እናት፦
እባካችሁ ተከባበሩ። የእኔ ሐሳብ ከሁለታችሁም ትንሽ ይለያል። ይጠየቁ፣ ጥሩ። ግን ልጆቻችን የመንግሥት ሰው ሲጠራቸው ምን እንደሚሰማቸው አስባችኋል? አሳይለም (ጥገኝነት) የተፈቀደለት ልጅ ፋፍሳ መሙላት ይችላል፣ መብቱ ነው። እቤት ውስጥ ግን ኬዙ ያላለቀ አጎት ወይም እናት ትኖራለች። «ከማን ጋር ነው የምትኖረው? ማን ሞላልህ?» ሲባል ልጁ የሚታየው ኢሚግሬሽን ነው። ይደነግጣል፣ ያልሆነውን ይናገራል፣ ወይ ጭራሽ አይሄድም። መጀመሪያ ይህ ጥያቄ የእናንተን ወረቀት አይመለከትም ተብሎ ይነገራቸው። ከቻሉም በቋንቋቸው።

ባለ ሰነድ፦
እትዬ ልክ ብለዋል። እኔ የምጨምረው ኮሌጁ አጠገባቸው እንዳይቀመጥ ነው። ሕጉ ለሠራተኛ ይህን አስቦበታል። የኮሌጅ ሠራተኛ ሲጠየቅ «አለቃው ካልተገኘ አይሆንም» ማለት አይቻልም፤ «ካልቀረጽነው አይሆንም» ማለትም አይቻልም። ደመወዝተኛ እንዲህ ከተጠበቀ፣ ትራንስክሪፕቱ፣ የውጤት ማስረጃው፣ በኮሌጁ እጅ ያለ ልጅማ የበለጠ መጠበቅ አለበት።

ባለ ኡበር፦
ሁላችሁም ኮሌጁን ብቻ ታያላችሁ። የእኛስ ጉድ? ገንዘብ ተቀብለው ፋፍሳ የሚሞሉ ሰዎች በየሰፈሩ አሉ። ፋፍሳ ነፃ ነው! ተከፍሎት የሚሞላ ሰው ደግሞ ስሙን አስፍሮ መፈረም ግዴታው ነው፤ እኔ የማውቃቸው አንዳቸውም አይፈርሙም። አራት የነበረ ቤተሰብ ሰባት ይሆናል። ተማሪው ተጠይቆ ይህን ቢናገር፣ ያኔም «ተማሪው ይሰማ» ትላላችሁ?

ነርሷ፦
አዎ እላለሁ። ያስሞላ ሰው ይጠየቅ፣ የሞላውም ይጠየቅ። ግን ሕዝቡን በሙሉ ሌባ አታድርገው። አባቴ ሌሊት ፓርኪንግ እየሠራ፣ ሳንቲም ሳይደብቅ ታክሱን አስገብቶ ነው ያስተማረኝ።

ባለ ኡበር፦
አባትሽን አልተናገርኩም። የማየውን ነው የተናገርኩት። ዝም ስንል ነው የሚብሰን።

የኤይድ ቢሮ ሰው፦
እዚህ ላይ ለማስተካከል ያህል፣ ከ2024-25 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ፋፍሳው ላይ የሚገባው ገቢ በቀጥታ ከታክስ መሥሪያ ቤቱ፣ ከአይ አር ኤስ፣ ነው የሚመጣው። ገቢን አሳንሶ መጻፍ እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። ይህም የእኔን ሐሳብ ነው የሚያጠናክረው፤ መረጃው እርስ በርሱ ይመሳከራል፣ የሰው ትውስታ አያስፈልግም።

ጥላዬ፦
አይ አር ኤስ የአባቴን ገቢ ያውቃል። መዝጋቢው ምን ብሎ እንዳስገባኝ ያውቃል? ኮሪንቲያን የሚባለው ለትርፍ የሚሠራ የኮሌጆች ድርጅት በ2015 ሲዘጋ፣ መንግሥት በ2022 የ560,000 ተበዳሪዎችን ዕዳ ሲሰርዝ፣ 5.8 ቢሊዮን ዶላር ነው፣ ተማሪዎቹ «ሥራ ታገኛላችሁ ተብለን ነበር» ብለው ለዓመታት ባይጮሁ ኖሮ ማን ይሰማቸው ነበር? እነሱስ ምን ያውቃሉ ተብለው ቢሆን?

ባለ ሰነድ፦
አንድ ነገር ግን አትርሱ። በማርች 2025 የፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት ከ4,133 ሠራተኛ ወደ 2,183 ገደማ እወርዳለሁ ብሎ አስታውቋል። የኤይድ ክፍሉም ተመቷል። ተማሪ ይጠየቅ አይጠየቅ እያልን ስንጨቃጨቅ ጠያቂው ራሱ እየጠፋ ነው።

የኤይድ ቢሮ ሰው፦
ለዚህ ነው ያለው ትንሽ ሰው ፋይል ላይ ያተኩር የምለው።

ነርሷ፦
ለዚህ ነው ያለው ትንሽ ሰው ቶሎ እውነቱ ያለበት ቦታ ይሂድ የምለው።

የልጆች እናት፦
አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ከርዕሱ ብወጣም ይቅርታ። ልጄ ሥራ ስለበዛባት ይህን ሴሚስተር ልትተወው ነው። ፔል ግራንት የሚባለው የመንግሥት እርዳታ ተከፍሎላታል። ችግር አለው?

የኤይድ ቢሮ ሰው፦
እትዬ፣ ዛሬውኑ ያስቁሟት። ከሴሚስተሩ 60 በመቶው ሳይሞላ ከወጣች የሚቆጠርላት የተማረችበት ቀን ያህል ብቻ ነው። የቀረውን ኮሌጁ ይመልሳል፣ ከዚያ ያልተከፈለውን ሂሳብ ከእሷ ይጠይቃል። ኤይድ ቢሮ ሄዳ 60 በመቶው በየትኛው ቀን እንደሚሞላ በጽሑፍ ትቀበል። ከዚያ ትወስን።

የልጆች እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን እኮ ማንም አልነገራትም።

ጥላዬ፦
ሰማህ? ማንም አልነገራትም።

የኤይድ ቢሮ ሰው፦
ካታሎጉ ላይ ተጽፏል። ኤይዱን ስትቀበልም አንብቤያለሁ ብላ ፈርማለች።

ነርሷ፦
ይኸው እንደገና ፊርማ!