የኮምፒውተሬ ፋኖች መብራት ከማዘርቦርዱ ጋር አልገጥም አለኝ፤ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ዴስክቶፕ ኮምፒውተሬን ማሳመር ጀምሬ መሃል ላይ ቆሜያለሁ። የገዛኋቸው ሦስት ፋኖች (መብራት ያላቸው ማቀዝቀዣ ማራገቢያዎች) የመብራት ገመዳቸው ባለ 3 ፒን፣ 5 ቮልት ነው። ማዘርቦርዴ (ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ያለው የመብራት መሰኪያ ግን ባለ 4 ፒን፣ 12 ቮልት ብቻ ነው። 12 ቮልቱ መብራቶቹን እንደሚያቃጥላቸው ስለማውቅ በግድ ማገናኘት አልፈልግም። ከፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኃይል ከሚሰጠው ክፍል) በሳታ ገመድ ኃይል የሚወስድ የመብራት መቆጣጠሪያ ብገዛ ይበቃኛል? ወይስ ማዘርቦርድ መቀየር ግድ ነው? እሱን ባልሰማ ደስ ይለኛል።

ሌላው፣ ማዘርቦርዱ ላይ ፋኖቹን ለማዞር የቀረኝ የፋን መሰኪያ አንድ ነው፤ 1 አምፔር ይችላል። እያንዳንዱ ፋን ላይ 0.2 አምፔር ተጽፏል። ሦስቱንም በማከፋፈያ ገመድ እዚያው ብሰካቸው ችግር አለው? ገመዶቹን ከኬዙ ጀርባ ማሰር የምጀምረው ይህ ሲለይልኝ ነው። የሞከረ ካለ እባካችሁ መላ በሉኝ።