ካሽ ወይስ ማርጅን? እህቴ በስልኳ አክሲዮን ልትገዛ ነው

ባለሱቁ (ደብረ ብርሃን)፦
ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ አለኝ። ታናሽ እህቴ ሜሪላንድ ናት፤ አረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች። ከደሞዟ እየቆጠበች የአሜሪካ አክሲዮን ልትገዛ አስባ አፕ አወረደች። ገና ስትመዘገብ ጥያቄ መጣባት፦ ካሽ አካውንት ወይስ ማርጅን? በስምሽ ብቻ ወይስ በጋራ? ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ቤታችን ሒሳብ ነክ ነገር ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ሲሚንቶ ስለምሸጥ ይመስለኛል።

እኔ የማውቀው አክሲዮን ሐበሻ ቢራ እዚህ ሲቋቋም ሰዉ የገዛው ዓይነት ነው። ትገዛለህ፣ ትጠብቃለህ፣ አለቀ። ማርጅን ላይ ግን “የመግዛት አቅምዎ በእጥፍ ያድጋል” ይላል። ደስ ይላል፤ ደስ ሲለኝ ደግሞ እጠረጥራለሁ። እሷ በበኩሏ “የአንተም ስም ይግባበት፤ እኔ አንድ ነገር ብሆን እማዬ እንዳትቸገር” ትላለች። ምን ልበላት?

ተመላሹ፦
ወንድሜ፣ ካሽ ትክፈት፤ ባላት ገንዘብ ብቻ የምትገዛበትን። ቨርጂኒያ ታክሲ ስነዳ በማርጅን የሚገዙ ጓደኞች ነበሩኝ፤ ሌሊት ከመንገዱ ይልቅ ስልካቸውን ነበር የሚያዩት።

እጥፍ አቅም የሚሉት ብድር ነው። ደላላው ድርጅት፣ ማለትም የአፑ ባለቤት፣ ያበድራታል፣ የገዛችው አክሲዮን መያዣ ይሆናል፣ ወለዱ መቁጠር ይጀምራል። በቁጥር እየው። 2,000 ዶላር አላት እንበል። ለማርጅን የሚጠየቀው ዝቅተኛው መጠን እሱ ነው። ሌላ 2,000 ተበድራ የ4,000 አክሲዮን ገዛች። ዋጋው 40 በመቶ ወረደ። አክሲዮኑ አሁን 2,400 ያወጣል፤ ዕዳው ግን 2,000 እንዳለ ነው። የእሷ 400 ብቻ ቀረ ማለት ነው። ደንቡ ደግሞ የራሷ ድርሻ ከአክሲዮኑ ዋጋ ከ25 በመቶ እንዳያንስ ያዛል፤ ብዙ ድርጅቶች ከዚያም ከፍ ያደርጉታል። 400 ከ2,400 ውስጥ 17 በመቶ እንኳ አይሞላም። “ገንዘብ ጨምሪ” ይሏታል። ካልጨመረች ይሸጡባታል። ሳይነግሯትም መሸጥ ይችላሉ፤ ስትፈርም ፈቅዳላቸዋለች። በካሽ ቢሆን 1,200 ይዛ ትጠብቅ ነበር። ይመለስ አይመለስ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ግን ሽጪ ብሎ የሚያስገድዳት የለም።

የካሽ ጣጣው ትንሽ ነው። የሸጠችበት ገንዘብ በወጉ የሚገባላት በማግሥቱ የሥራ ቀን ነው። ድሮ ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 20 ቀን 2016 ወደ አንድ ወረደ። (ቀኑ ለምን እንደማይረሳኝ ታውቃላችሁ።) ገና ባልገባ ገንዘብ መግዛትና መሸጥ ካበዛች ሂሳቡ ላይ የ90 ቀን ገደብ ሊጣል ይችላል። ለቆጣቢ ሰው ይሄ ችግር አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ፦ አንዳንድ አፕ ዝም ካልከው ማርጅኑን ነው የሚከፍተው። አስተውላ ትምረጥ።

ከሸዋ ሮቢት፦
ለእኛ ለሙስሊሞች ማርጅን ወለድ ስላለበት ጥያቄውም አይነሳም። ግን ስለ ጋራ አካውንቱ ማንም አልመለሰለትም። ወንድሜ፣ በጋራ ማለት አንዳችሁ ለብቻችሁ ሁሉንም መሸጥ ትችላላችሁ ማለት እኮ ነው። እንኳን ወንድምና እህት፣ ባልና ሚስትም የተጣሉበት ነገር ነው።

ተመላሹ፦
እውነቷን ነው። ሌላም አለ። አንተ አሜሪካ አትኖርም። ብዙ ድርጅት ውጭ የሚኖር ሰው በጋራ አያስገባም። ቢያስገባህም የውጭ ዜጋ መሆንህን የሚገልጽ ቅጽ ትሞላለህ፤ ኩባንያዎቹ ለባለአክሲዮን ከሚያከፋፍሉት ትርፍ የአንተ በሆነው ላይ 30 በመቶ ግብር እዚያው ይቆረጣል። በእኛና በአሜሪካ መካከል ይህን የሚቀንስ የግብር ስምምነት የለም። በስሟ ብቻ ትክፈትና እናታችሁን ወራሽ አድርጋ ትሰይም። ብዙዎቹ ጋ ይቻላል፤ ያለ ፍርድ ቤት ውጣ ውረድ ይተላለፋል። ውጭ የሚኖር ወራሽ ይቀበሉ እንደሆነ ግን መጀመሪያ ትጠይቅ።

ባለሱቁ (ደብረ ብርሃን)፦
እግዜር ይስጥልኝ። እኔም ትንሽ ብር ወደ ዶላር ቀይሬ ባዋጣስ?

ከመሐል ሜዳ፦
ጋሼ፣ እሱን ይተዉት። አገር ውስጥ የሚኖር ሰው ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ለውጭ አክሲዮን ዶላር መላክ አይችልም። በጥቁር ገበያ እንዳይሞክሩት ደግሞ። ብሩ ካለዎት እዚሁም ገበያ አለ። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ተከፍቷል፤ መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። እኔ የኢትዮ ቴሌኮምን በቴሌብር ነው የገዛሁት፤ አንዱ 300 ብር፣ ዝቅተኛው 33 አክሲዮን ነበር። ማንንም ደላላ “ፈቃድህን አሳየኝ” ይበሉ። ፈቃድ የሚሰጠው የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው።

ባለሱቁ (ደብረ ብርሃን)፦
ነገርኳት፤ ካሽ፣ በስሟ ብቻ። አሁን ደግሞ ወራሽ ስትሞላ የእማዬን “የቤተሰብ ስም” ጠየቃት። የአባቷን ይሁን የአያቷን?

ተመላሹ፦
ፓስፖርታቸው ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል። ፓስፖርት ከሌላቸው መጀመሪያ እሱን አውጡላቸው፤ ቅጹ ይጠብቃል፣ ወራሽ በኋላም ይጨመራል።