ድምፁ የማይረብሽ የሻወር ቤት ፋን

ጥያቄ፦ ሻወር ቤታችን 1.5 በ2 ሜትር ነው፤ ከፍታው 2.4፣ መስኮት የለውም። ጩኸት የሌለው ምን ዓይነት ፋን ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ክፍሉ 7.2 ሜትር ኩብ ነው። አየሩ በሰዓት 10 ጊዜ እንዲቀየር 72 ሜትር ኩብ ይበቃል፤ ቱቦው ስለሚቀንሰው ግን 100 አካባቢ የሚያወጣውን ያዝ። ካርቶኑ ላይ ከ26 ዴሲቤል በላይ ከተጻፈ ተወው።

መልስ፦ ጩኸቱ ብዙ ጊዜ ከገጠማው ነው የሚመጣው። ብሎኑን ከልክ በላይ ካጠበቅከው ፕላስቲኩ ይጣመምና ክንፉ ይፋቃል። ከኋላው ስስ ጎማ አድርግ፤ ብሬከሩን አጥፍተህ፣ እንደማይፋቅ ለማየት ክንፉን በጣትህ አዙረው። የሚተጣጠፈውን ቱቦ ተውና ባለ 110 ሚሊሜትር ፒቪሲ (ጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ) ወደ ውጭ ትንሽ አዘቅዝቀህ ግጠም፤ አለዚያ እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ሞተሩ ላይ ይንጠባጠባል።

መልስ፦ በሩ ሥር 1 ሳንቲሜትር ክፍተት ከሌለ ደግሞ የሚስበው አየር አያገኝም፤ በከንቱ ይጮኻል።